ታንኬ ለምን ቸኮላት መሰለ?

ጥያቄው ከነፎቶው ከደሴ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «እኔና ሦስት ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። በ1/72 መጠን የተሠሩ አራት ቲ-55 ታንኮች ገጣጥሜ በአረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀባኋቸው። መንገድ ዳር ያየሁትን የተቃጠለ ታንክ ለማስመሰል ብዬ ዝገት በየቦታው አደረግኩ። ከግቢያችን አፈር ነሰነስኩበት። በመጨረሻ ሐምሌ ላይ በስፕሬይ ቫርኒሽ ዘጋሁት። አሁን ቸኮላት የተቀባ ዳቦ ነው የሚመስለው። ብሎኑም መስመሩም ጠፍቷል፣ አፈሩ እጅ ላይ ይራገፋል፣ ቫርኒሹ ነጭ ጉም ለብሷል። ምን ዓይነት ቀለም ልግዛ? ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጨው መሣሪያ) ግዴታ ነው? ጓደኛዬ ደግሞ የ1928ቱን ትንሿን የጣሊያን ታንክ መሥራት ይፈልጋል፤ እሱስ በዚሁ መንገድ ይሥራ?»

ኤርብራሽ ግዴታ አይደለም። ሌላ ቀለም መግዛትም ብቻውን አያድንህም። የላክልኝ አንድ ችግር ሳይሆን አራት ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምክንያት አለው። ቀለሙ ወፍሯል። ዝገቱ ያለቦታው ገብቷል። አፈሩ አልደቀቀም። ቫርኒሹ ደግሞ በደሴ ክረምት ተይዟል። ሲደራረቡ ቸኮላት ሆኑ።

ከውፍረቱ ልጀምር። 1/72 ማለት እውነተኛው ታንክ 72 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ቲ-55 ከነአፈሙዙ 9 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አንተ ጠረጴዛ ላይ 12 ሳንቲም ተኩል ሆኗል። እንግዲህ ብሩሽህ የሚያስቀምጠው ነገር ሁሉ በ72 እየተባዛ ነው የሚታየው። የግድግዳ ዘይት ቀለም ከጣሳው እንደወጣ ሁለት ጊዜ ስትቀባበት 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት በቀላሉ ይሞላል። እውነተኛው ታንክ ላይ ይህ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሳንቲም ተኩል የሚጠጋ ቀለም የተለሰነ ታንክ! ብሎኑ በምን በኩል ይታይ? እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መኪና ስቀባ ነው ያደግኩት። እዚያ እንኳ አለቃችን «ቀለም ይሸፍናል እንጂ አይሞላም» እያለ ይጮህብን ነበር።

ስለዚህ በውሃ የሚቀጥን አክሬሊክ ቀለም ያዝ። ለሞዴል ተብሎ የተሠራው ትንሽ ጠርሙስ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ የሰዓሊዎቹ ቱቦ አክሬሊክ ያገለግላል። ወተት እስኪመስል አቅጥነው። የመጀመሪያው ዙር ያስጠላል፣ ፕላስቲኩ በሥሩ ይታያል፤ አትደንግጥ፣ ተወው ይድረቅ። ሁለተኛው ይሻላል፣ ሦስተኛው ይሸፍናል። በአንድ ዙር ልጨርስ ያለ ሰው ነው ቸኮላት የሚያወጣው። የግድግዳ ውሃ ቀለም ግን አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ለግድግዳ የተፈጨ ስለሆነ ሻካራ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ውሃ ቀለምም አይሆንም፤ ላብ ባለው እጅ ይለቃል።

ከቀለሙ በፊት ሞዴሉን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠበው። ፋብሪካው ፕላስቲኩን ከቅርጹ ለማላቀቅ የሚጠቀመው ቅባትና የራስህ ጣት ቅባት ላዩ ላይ አለ። ቀለም ዶቃ ዶቃ ሆኖ የሚሸሸው በዚህ ነው። ከዚያ ግራጫ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ) ስጠው። የመኪና ፕራይመር ስፕሬይ ብትጠቀም ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ርቀህ፣ ጭጋግ ያህል ብቻ፣ በሁለት ሦስት ዙር ይሁን። አጠገብ ለአጠገብ ከረጨኸው ውስጡ ያለው ቲነር ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ላይ መጀመሪያ ሞክረው። ፍሬሙን ማንም አያለቅስለትም።

አረንጓዴውንም አፍካው። ሞዴልህን ከአንድ ሜትር ርቀት ስታየው እውነተኛውን ታንክ ከ72 ሜትር እንዳየኸው ነው። ነገር ከራቀ ይደበዝዛል። ጠረጴዛህ ላይ ያለው መብራትም ከፀሐይ ጋር አይወዳደርም። ትክክለኛው የወታደር አረንጓዴ እንዳለ ሲቀባ ጥቁር የሚመስለው ለዚህ ነው። ነጭ ግን አትጨምርበት፣ የከረሜላ አረንጓዴ ይሆንብሃል። ትንሽ ቢጫና ክሬም ጨምርበት።

አሁን ወደ ዝገቱ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት ያለው፤ ያደረግከውም በአስተውሎት ስለሆነ ልወቅስህ አልችልም። ያየኸውን ነው የሠራኸው። ያየኸው ግን የተቃጠለ ታንክ ነው። ሲቃጠል ቀለሙ ተገፎ ይሄዳል፣ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ከዚያ ዝናብና ጤዛ ሲያገኘው ባጭር ጊዜ ብርቱካናማ ይሆናል። የጎማዎቹ ላስቲክ ነዶ ያልቃል። ቀፎውን የሚሸከሙት የብረት ዘንጎች በሙቀት ስለሚለሰልሱ ታንኩ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሚሠራ ታንክ እንዲህ አይደለም። ቀለሙ አለ፣ ሠራተኛ አለው፣ ግሪስና ናፍጣ ይነካዋል። ወፍራም ብረቱ ቢጫር እንኳ ጭረቱ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው እንጂ ብርቱካን አይደለም። ጭረቱን በስፖንጅ ቁራጭ ጠብ ጠብ እያደረግክ ማስቀመጥ ትችላለህ፤ ሒሳቡን ግን አትርሳ። አንተ ያስቀመጥከው 2 ሚሊ ሜትር ነጥብ እውነተኛው ላይ 14 ሳንቲም የተላጠ ቦታ ነው። በር ጠርዝ ላይና ሰው በሚወጣበት በኩል አምስት ስድስት ደቃቅ ነጥብ ይበቃል።

ዝገት የሚፈቀድበት አንድ ቦታ አለ፤ ማርሚታው። በሙቀት ቀለም ስለማይቆይበት ይዝጋል። ቲ-55 ላይ የጭስ መውጫው በግራ ፓራፋንጎ ላይ ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥላሸቱም በዚያ በኩል ብቻ ይሁን። በፎቶህ ላይ ግራም ቀኝም አጥቁረኸዋል። ሰንሰለቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የቲ-55 ሰንሰለት ራቁቱን ያለ ብረት ነው፣ ቀለም አይቀባም። አንድ ሌሊት ዝናብ ካደረበት ይዝጋል፣ ጠዋት ጥቂት ሜትር ሲሄድ ይወለወላል። ግራጫ የተቀላቀለበት ጥቁር ቡናማ ቀባው። መሬት የሚነካውን ጠርዝ በተራ የእርሳስ ጫፍ አሸው። ግራፋይቱ ልክ እንደተወለወለ ብረት ያብለጨልጫል። ከዚህ የረከሰ ዘዴ የለም። ቲ-55 ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸከሙ ትንንሽ ጎማዎች ስለሌሉት ሰንሰለቱ ትላልቆቹ ጎማዎች ራስ ላይ ተንጋሎ ነው የሚተኛው። ያንተ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ሲገጥሙት ነበር መስተካከል የነበረበት፤ አሁን ተወው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀልድ የለበትም። ቀለሙን ለማመሳሰል ብለህ የተቃጠለ ታንክ አጠገብ አትሂድ፤ ዝገቱን ፍቀህ ለናሙና አታምጣ፤ ላዩ ላይ ወጥተህ ፎቶ አትነሳ። ውስጡም ዙሪያውም ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ በወሎ መንገድ ዳር የቆመ የተቃጠለ ብረት ለሰው ሁሉ የጠረጴዛ ጨዋታ አይደለም። የአንድ ቤት ሐዘን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ታንክህን ምን ያስረጀው? አቧራ። የሚንቀሳቀስ ታንክ ላይ ከዝገት መቶ እጥፍ የሚታየው አቧራና ጭቃ ነው፤ እሱ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። ሐሳብህ ትክክል ነበር፤ ያጠፋህ አፈሩን ሳታደቅ መነስነስህ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል የአሸዋ ቅንጣት 1/72 ላይ ስትደርስ ከ3 ሳንቲም ተኩል በላይ የሆነ ጠጠር ናት። ታንክህ አቧራ ሳይሆን ኮረት ነው የለበሰው።

እንዲህ አድርግ። አንድ እፍኝ አፈር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በደንብ በጥብጥ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፤ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል። ላይ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ዕቃ አንቆርቁረው። አሸዋውን ድፋ። ድፍርሱን ሌላ አንድ ጊዜ እንዲሁ ድገመው፣ ከዚያ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ላዩ ይጠራል፣ ታች እንደ ክሬም የለዘበ ጭቃ ታገኛለህ። ውሃውን ቀንሰህ ጭቃውን አሮጌ ምጣድ ላይ አድርቀው (ምጣዱን እናትህን አስፈቅደህ)። ሲፈጭ ዱቄት ነው። ፊትህን በማስክ ሸፍነህ ፍጨው፤ ይህን የሚያህል ደቃቅ አቧራ ለሳንባ አይመችም። ይህ ሁሉ ከሰለቸህ የትምህርት ቤት ጠመኔና ከሰል ፈጭተህ ከትንሽ ቀይ አፈር ጋር ቀላቅለው፤ ከሞላ ጎደል ያው ነው።

ቀለሙን ከምትጫወትበት ቦታ ጋር አስማማው። ዋልካ ሲርስ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ግን ወደ ግራጫ ይነጣል። የደጋው ቀይ አፈር ሲደርቅ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ወደ ባቲ ቁልቁል ስትወርድ አቧራው እየነጣ ይመጣል። ሦስቱንም አንድ ታንክ ላይ ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ ታንኩ ከኮሌጅ ወጥቶ የአፈር ናሙና የሚሰበስብ ነበር የሚመስለው። አንድ ምረጥ። አራቱም ታንኮች ያንኑ ይልበሱ፣ ጠረጴዛውም ያው አፈር ይሁን። ትኩስ ጭቃ ከደረቀው ይጠቁራል። ስለዚህ መጀመሪያ የነጣውን በሰፊው፣ ከዚያ ጠቆር ያለውን ታች ጎማው አካባቢ በጥቂቱ።

ለመያዙ ነገር፣ ሞዴልህ መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም። አራት ሰው ቅዳሜ ሙሉ የሚያገላብጠው መጫወቻ ነው። ዱቄቱን በደረቁ ነስንሶ በአልኮል ጠብታ ማስያዝ የሚባል ዘዴ አለ። ለጌጥ ሞዴል ያምራል፤ ለጨዋታ አይሆንም። አልኮሉ ዱቄቱን ቦታ ያስይዘዋል እንጂ አያጣብቀውም፤ ብታሸው ደግሞ ከሥር ያለውን አክሬሊክ ያነሳዋል። አንተ ዱቄቱን ከማት (ከማያብለጨልጭ) አክሬሊክ ቫርኒሽና ከውሃ ጋር ለውሰህ በስፖንጅ ነካ ነካ አድርገው። ታች ለሚለጠፈው ወፍራም ጭቃ ነጭ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነህ ጨምርበት። ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይሂድ፤ ቱሬቱ (መድፉን ተሸክሞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) ላይ ሲደርስ ጭጋግ ብቻ ይቅር። የሰው ቡትስ የሚረግጠው ቦታ ከአቧራ ነጻ ይሆናል፣ እሱን አትርሳ።

ከአቧራው በፊት የምትሠራው ጥላ ነው፤ ብሎንና መስመር የሚወጣው በሱ ነው። ቀጭን ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ መስመሩ ውስጥ ብቻ ታስገባለህ። ታንኩን በሙሉ አታጥበውም፤ በሙሉ ካጠብከው እንደገና ቸኮላት ነው። በአክሬሊክ ከሠራኸው ብዙ ውሃ፣ ትንሽ ቀለም፣ በእንጨት ጫፍ የተነካ የዕቃ ሳሙና ጠብታ። ሳሙናው ፈሳሹ እንዳይሰበሰብ ያደርገዋል። በሰዓሊ የዘይት ቀለምና በአኳራጅ ከሠራኸው ይበልጥ ያምራል፣ ስህተትህንም በጥጥ መጥረግ ትችላለህ። ግን ከሥሩ ያለው አክሬሊክ መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ መልበስ አለበት። ቀን ሙሉም ይፈልጋል ለመድረቅ። አኳራጅም ስፕሬይም ባለበት ክፍል ከሰል አይነድ። ቡና እየተፈላበት ቀለም የሚቀባ ሰው ስንት ጊዜ ገሥጫለሁ! አቦሉን ጠጥተህ፣ ከሰሉ ወጥቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነው ሥራ።

ቫርኒሹ ለምን ነጣ? ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ረጭተኸው ነዋ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ያንኳኳል። ስፕሬይ ሲተን የረጨኸውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው እዚያው ላይ ይጤዛል፣ ቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል። ነጩ ጉም እሱ ነው። እኔ የመኪና ክሊር ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመኝ ባለቤቱ ፊት ላብ በላብ ሆኛለሁ። መፍትሔው ደረቅ ቀን መጠበቅ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ረፋድ ላይ፣ ብርዱ ከለቀቀ በኋላ። ሐምሌና ነሐሴን እርሳው፤ በልግም ዝናብ ባለበት ቀን ያው ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ 25 ኪሎ ሜትር ወርደህ ብትረጭ ይሻልሃል፤ ቆላ ቀመስ ናት። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማሞቅ ይረዳል። እሳት ላይ ግን በጭራሽ፤ ይፈነዳል። መጠበቅ ካልቻልክ በብሩሽ የሚቀባ ቫርኒሽ ግዛ፤ እርጥበት ያን ያህል አያስቸግረውም። የነጣውን ለማዳን ደግሞ ደረቅ ቀን ላይ አንድ ስስ ዙር የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ስጠው። ብዙ ጊዜ ጉሙ ይገፈፋል። ከዚያ ማቱን በላዩ።

አሁን አራቱ ታንኮችህ። የዘይት ቀለሙን በቲነር አጥቤ ላንሳ ትል ይሆናል። አትሞክረው፤ ከቀለሙ በፊት ፕላስቲኩ ይሟሟል። ቤንዚንም ያው ነው፣ እሳቱ ተጨማሪ። የፍሬን ዘይት እንዲህ ያለውን ቀለም ያላቅቃል፤ ግን መርዛማ ነው፣ ጓንት ይፈልጋል፣ ቀኑን ሙሉ መዘፍዘፍ አለበት፣ በደንብ ካልታጠበ አዲሱ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ በዚያችው ፍሬም ላይ ሳትሞክር ሞዴሉን አትዘፍዝፍ።

የኔ ምክር ግን ሌላ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱን አትንካቸው። ጨዋታችሁ ላይ ታንክ ሲመታ ምን ታደርጋላችሁ? ገልብጣችሁ ታስቀምጡታላችሁ መሰለኝ። እነዚህ ሁለቱ የተመታ ታንክ ይሁኑ። ዝገቱ አለቀልህ፣ ሠርተኸዋል! የጎማውን ላስቲክ ጠርዝ በቢላ ከርክመህ አንሳው፣ በሩን ክፈተው፣ ቱሬቱን ትንሽ አዛንፈው፣ በሩ ዙሪያ በጠመኔና በከሰል አመድ የመሰለ ግራጫ ስጠው። የነጣው ቫርኒሽ ራሱ አመድ ይመስልልሃል። አንዱ ታንክ ሲመታ እሱን ታነሳና በቦታው ይህን ታስቀምጣለህ።

ሦስተኛውን በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ በጣም የወፈረውን ቦታ ብቻ አሳሳው፤ ከዚያ ከፕራይመር ጀምረህ እንደገና ቅባው። መማሪያህ እሱ ነው። አራተኛውን ሦስተኛው እስኪያልቅ ድረስ አትንካው። ሁለቱንም ስትጨርስ ከሥራቸው ቁራጭ ፕላስቲክ ወይም ጠንካራ ካርቶን ለጥፍላቸው። ተጫዋቹ ታንኩን ሳይሆን ካርቶኑን ይያዝ። አፈሙዝ የሚሰበረውና ቀለም የሚላጠው በጦርነት ሳይሆን በጣት ነው።

የጓደኛህ የጣሊያን ታንክ፦ ኤል-3 ነው የሚፈልገው። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ 3 ቶን ከምናምን የምትመዝን፣ መትረየስ ብቻ ያላት ትንሽ ነገር ናት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ በኩል የራስ እምሩ ጦር ቀርቦ በእጁ ያወደመው እሷን ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ17 ሳንቲም ስለሆነ በ1/72 ከ4 ሳንቲም ተኩል እንኳ አትሞላም። በእንዲህ ያለ መጠን ላይ ጭረትም የማርሚታ ዝገትም አይታይም። ጥላ፣ አንድ ዙር አቧራ፣ ሰንሰለቱ ላይ እርሳስ፤ ይበቃታል። ስለ ቀለሟ አሁን ባለ ቀለም ሆነው የሚዞሩትን ፎቶዎች አትመኑ። የዘመኑ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን በኋላ የጨመረበት ሰው እንደመሰለው ነው ያደረገው።

ሁለት ብሩሽ፣ አንድ ግራጫ ፕራይመር፣ አረንጓዴ፣ ክሬም፣ ጥቁር ቡናማ፣ በብሩሽ የሚቀባ ማትና የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ግዛ። ለኤርብራሽና ለኮምፕሬሰር ያሰብከውን ብር አስቀምጠው፤ አራት ታንክ ላለው ሰው አያስፈልግም። ሐያ ታንክ ሲሞላልህ ጻፍልኝ።